ሃምሳ ሎሚ፣ ሃምሳ ወንበር፦ የኮንትራት አውቶቡስና የአብሮ መጓዝ ታሪክ

የታኅሣሥ ገብርኤል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ተመሳሳይ ትርኢት ይታያል። ከደብር አጥር ሥር ወይም ከዕድር ቤት ደጃፍ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ሕፃናት አዝለው ይመጣሉ፤ ጎረምሶች የውኃ ጀሪካንና የስንቅ ቅርጫት ያቀብላሉ፤ ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ፍራሽና ድንኳን በገመድ ይጠፍራል። በበሩ አጠገብ ደግሞ ደብተር የያዘ አንድ ሰው ቆሞ ስም ይጠራል። የመጣውን ወንበር ያስይዛል፣ የዘገየውን ያስጠራል፣ ቀሪ ሒሳብ ይቀበላል። መኪናው «ኮንትራት» ነው፤ ሰውየው «አስተባባሪ» ነው፤ መድረሻው ቁልቢ ነው።

ይህ ትርኢት ለከተማ ነዋሪ እጅግ የተለመደ ስለሆነ ታሪክ ያለው አይመስልም። ሰው ተሰብስቦ፣ ገንዘብ አዋጥቶ፣ መኪና ተከራይቶ ይሄዳል፤ ደርሶ ይመለሳል። ነገር ግን ያ ደብተር፣ ያ መዋጮና ያ ስም ጥሪ በአንድ ጀምበር የተፈጠሩ አይደሉም። አውቶቡሱ ወደ አገር ከመግባቱ አስቀድሞ በእግርና በበቅሎ በሚደረግ ጉዞ የተገነባ ሥርዓት ነበረ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የኮንትራት አውቶቡስ ታሪክም፣ አንድ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን መንገድ ሃምሳ ሰው እንዴት እየተካፈለ እንደ ተጓዘበት፣ ኃላፊነቱንም ለማን እንደ ሰጠ የሚናገር ታሪክ ነው።

ሲራራውና ነጋድራሱ

ከመኪና በፊት በነበረው ዘመን ረጅም መንገድ ብቻውን የሚሄድ ሰው ጥቂት ነበር። ነጋዴው በሲራራ፣ ተሳላሚው በማኅበር ይጓዝ ነበር። አሞሌ፣ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የጫኑ በቅሎዎችና አህዮች ከጎንደር ወደ ምፅዋ፣ ከሸዋ ወደ ሐረርና ወደ ዘይላ ሲመላለሱ፣ ባለንብረቶቹ ብዙ ቢሆኑም ጉዞው አንድ ነበረ። አንድ የሚያደርገውም አለቃው ነው። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ በመጀመሪያ የነጋዴዎች ራስ፣ ማለትም የሲራራው መሪ መጠሪያ ነበር። ኋላ ላይ ግን የንግድና የጉምሩክ ሹም ማዕረግ ሆኖ በከተሞች ታወቀ።

በሲራራው አለቃ ትከሻ ላይ ሦስት ነገሮች ይወድቁ ነበር። አንደኛው መንገድ መምራት ነው። መቼ እንደሚነሣ፣ የት እንደሚታደር፣ የሞላ ወንዝ እስኪጎድል ስንት ቀን እንደሚጠበቅ የሚወስነው እርሱ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። በየኬላው ቀረጥ የሚጠይቀውን ሹም በሁሉም ስም የሚያነጋግር፣ ክፍያውንም ለእያንዳንዱ የሚያካፍል እርሱ ነበር። ሦስተኛው ጥበቃ ነው። የደከመ ወደ ኋላ እንዳይቀር፣ የታመመ በበረሃ እንዳይጣል፣ ሌሊት ዘብ እንዲቆም ያደርጋል። አለቃው «እዚህ እናድራለን» ካለ ጭነት ይወርዳል፤ «ተነሡ» ካለም ይጫናል። ተጓዡ ነጻነቱን በከፊል ለአለቃው ሰጥቶ፣ በምትኩ በሕይወት የመድረስ ተስፋ ያገኝ ነበር።

የተሳላሚዎች ጉዞም በዚሁ ሥርዓት ይመራ ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከ300 የሚበልጡ መነኮሳት ከጥቂት መነኮሳይያት ጋር ሆነው ከሰሜን ኢትዮጵያ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም እንደ ተነሡ ጽፏል። በአንድነት እየሰፈሩና እየጸለዩ፣ በቀን ጥቂት ጥቂት እየሄዱ ነበር የሚጓዙት። ይሁን እንጂ በመንገድ ጥቃት ደርሶባቸው አብዛኞቹ ሞቱ፣ ወይም ለባርነት ተሸጡ፤ ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው። ብዙ ሆኖ መጓዝ ከአደጋ ይጠብቃል፤ አደጋው ሲደርስ ግን ብዙውን በአንድነት ያጠፋል። ይህ እውነት ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ከመንገዱ ላይ አልጠፋም።

ከባቡር ወደ ካሚዮን

መኪና በኢትዮጵያ ምድር የታየው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ እየነዳ ያመጣው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ ዳግማዊ ምኒልክ ተቀበሉት። ሆኖም ያ መኪና የቤተ መንግሥት ድንቅ ከመሆን አልፎ ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር አልነበረም፤ የሚሄድበት መንገድ አልነበረውምና። ብዙ ሰው በአንድነት የሚጓዝበትን ዘዴ አስቀድሞ ያመጣው ባቡር ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ።

የቁልቢ ጉዞ ታሪክ ከዚህ ሐዲድ ጋር የተሳሰረ ነው። በራስ መኮንን ዘመን የተተከለው የቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በደጋው ላይ ይገኛል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ስለቱን የሚያገባ ምእመን ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ቀድሞ በእግርና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ ባቡሩ ከመጣ በኋላ እስከ ድሬዳዋ በሐዲድ ሆነ፤ ከዚያ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ደጋው መውጣት ብቻ ቀረ። ጉዞው ቢያጥርም የባቡሩ ተሳፋሪ እያንዳንዱ ቲኬቱን ቆርጦ የሚሄድ ነበር። ጊዜውን የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ የሚቆምበትን ጣቢያም የሚመርጠው ኩባንያው ነው። ማኅበሩ ራሱ የሚያዝዘው መጓጓዣ ገና አልመጣም ነበር።

ያን የሚያመጣው መንገድ በስፋት የተሠራው በጦርነት ምክንያት ነው። በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን የወረረው የፋሽስት ጣሊያን ጦር በአምስቱ ዓመት ውስጥ ወታደሩንና ስንቁን ለማመላለስ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና አስመራ፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ጅማ የሚወስዱ መንገዶችን ሠራ። የጣርማ በር ዋሻና የሊማሊሞ ጠመዝማዛ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። በእነዚህ መንገዶች ላይ የኢትዮጵያውያንም የባዕዳንም ላብ ፈስሷል። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መንገዱና ብዙ የጭነት መኪና በአገሪቱ ቀረ። ከዚያም በላይ ቋንቋው ቀረ። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ የሚሉት የሾፌርና የመካኒክ ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው።

ከነጻነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ካሚዮኑ ከጭነቱ በላይ ሰው ይጭን ነበር። ከእህል ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ በአቧራ ተሸፍኖ፣ ገመድ ጨብጦ ወደ በዓል የሚሄደው ሰው፣ ከሾፌሩ ጋር ዋጋ ተስማምቶ የሚጓዝ የመጀመሪያው የኮንትራት ተሳፋሪ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አንበሳና አውቶቡስ ተራ

የአዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት በ1935 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1944 ዓ.ም. ደግሞ በአክሲዮን ማኅበር ተደራጀ። ሕዝቡ በምልክቱ «አንበሳ» ብሎ ጠራው፤ ስሙም ጸና። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ጦርነቱ ያጎሳቆላቸውን መንገዶች መጠገንና አዳዲስ መንገዶችን መዘርጋት ሲጀምር፣ ከከተማ ወደ ከተማ የሚሄዱት የግል አውቶቡሶች ቁጥር አደገ። በመርካቶ አጠገብ ያለው አውቶቡስ ተራ የአገሪቱ መንገዶች ሁሉ ቋጠሮ ሆነ።

መደበኛው አውቶቡስ በተራ ይጫናል፣ በታሪፍ ይከፈልበታል፣ በተወሰነ መሥመር ይሄዳል። ኮንትራቱ ግን ከተራው ወጥቶ ለአንድ ወገን ብቻ ይሠራል። ቃሉ ከውጭ ቋንቋ የመጣ ቢሆንም በአማርኛ የራሱን ትርጉም አበጅቷል። «መኪናው ኮንትራት ነው» ሲባል፣ ሌላ ሰው አይሳፈርበትም፤ ተከራዩ በፈለገው ሰዓት ይነሣል፣ በፈለገው ስፍራ ይቆማል ማለት ነው። በዚህ ረገድ ኮንትራቱ ከባቡሩም ከመደበኛው አውቶቡስም ይልቅ ለጥንቱ ሲራራ የቀረበ ነው። ጉዞው ዳግመኛ የተጓዦቹ ሆነ።

ይህን ዕድል ፈጥነው ከተጠቀሙበት መካከል በከተማው የተስፋፉት ዕድሮች ይገኙበታል። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ የሟች ቤት በአንድ ሰፈር፣ የቀብሩ ደብር በሌላ ሰፈር ይሆናል። የገጠር ዘመድ ሲያርፍ ደግሞ ለቀስተኛው በሌሊት ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ወይም ፍቼ መድረስ አለበት። ቀብር ቀጠሮ አይሰጥም። ድንኳንና ብረት ድስት የነበረው ዕድር አውቶቡስ የመከራየትን ኃላፊነትም ጨመረበት። ሐዘን የደረሰበትን ሰው «በምን ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ቀርቶ «አውቶቡሱ በአሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል» ማለት ተጀመረ። ድሀ በአቅሙ ማነስ ምክንያት ከወላጁ ቀብር የሚቀርበት ዘመን በዚህ መንገድ እየጠበበ ሄደ።

ከውይይት እስከ ሃይገር

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት የትራንስፖርቱንም ሥራ ለወጠው። ድርጅቶች ተወረሱ፤ የግል መኪኖች በቀጣና ተደራጅተው በመንግሥት ቁጥጥር ሥር እንዲሠሩ ተደረገ፤ ነዳጅ በኩፖን ሆነ። ባለንብረቱ መኪናውን ለወደደው ጉዞ የማሰማራት ነጻነቱ ጠበበ። ብዙ ሰው በአንድነት የሚጓዘውም በአብዛኛው በመንግሥት ጥሪ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ለዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተጓጓዙ። ያም ሆኖ የቁልቢ ስለት አልተቋረጠም።

የዚያ ዘመን ሕዝብ ለመኪናዎች ስም ሲያወጣ ምጸቱን አልደበቀም። ተሳፋሪዎች በጎንና በጎን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡባቸውን ታክሲዎች «ውይይት» አላቸው፤ በየቀበሌው ከሚደረገው የውይይት ስብሰባ የተወሰደ ስም ነው። ስም የማውጣቱ ልማድ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። በጭነት መኪና ቻሲ ላይ በአገር ውስጥ ጋራዥ ላሜራ እየተቀጠቀጠ አካል የተሠራላቸው መለስተኛ አውቶቡሶች «ቅጥቅጥ» ተባሉ። የቶዮታ ሃይኤስ ዓይነቶች «ዶልፊን» እና «አባዱላ» የሚሉ ስሞች አገኙ። ኮስተርና ሃይገር ግን የፋብሪካ ስማቸውን እንደ ያዙ ቀሩ።

በ1984 ዓ.ም. የየብስ ትራንስፖርት ቁጥጥር ሲላላ የቀጣናው ሥርዓት ፈረሰ። ባለንብረቶች በገፍ ወደ ሥራው ገቡ። ሚኒባስ መምጣቱ ለቡድን ጉዞ ትልቅ ለውጥ ነበር። ቀድሞ ሃምሳ ሰው ማሰባሰብ ያልቻለ ማኅበር መኪና መከራየት አይችልም ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ሰው ያህል የያዘ የጽዋ ማኅበር፣ አንድ የሥራ ክፍል ወይም አንድ ቤተ ዘመድ ለብቻው መንቀሳቀስ ቻለ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት እንደ ሰላም ባስና ስካይ ባስ ያሉ የተሻለ ምቾት ያላቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መጡ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ አገልግሎት ጀመረ። ሶደሬ ደርሶ መመለስ የአንድ ቀን ሽርሽር ሆነ።

የኮንትራት ዘመን መቁጠሪያ

ባለ አውቶቡሱ ዓመቱን የሚቆጥረው በበዓልና በጾም ነው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ኅዳር 21 አክሱም ጽዮን፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ፣ በልደት ላሊበላ፣ በጥቅምትና በመጋቢት አምስት ዝቋላ አቦ፣ በግንቦት 12 እና በነሐሴ 24 ደብረ ሊባኖስ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርግ ነው፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። በጾሙ ወራት ሠርግ ስለሌለ አጃቢ የሚጭን አይኖርም፤ በምትኩ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጽዋ ማኅበራት ወደ ገዳማት የሚያደርጉት ጉዞ ይበዛል። ማኅበረ ቅዱሳን «ሐዊረ ሕይወት» ብሎ በሚያዘጋጀው ጉዞ አውቶቡሶች በአንድነት ተሰልፈው ሲወጡ ማየት የዚህ ልማድ ትልቁ ማሳያ ነው።

ልማዱ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። በባሌ ወደሚገኘው ወደ ሼኽ ሁሴን መካነ መቃብር በዓረፋና በመውሊድ የሚጎርፈው ሕዝብ ቀድሞ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትር ይዞ ለሳምንታት በእግሩ ይሄድ ነበር። ዛሬ በትሩን የያዘው ሰው በአውቶቡስ መስኮት በኩል ይታያል። በኢሬቻ ዕለት ወደ ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ከየወረዳው የሚመጣው ሕዝብ፣ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ ክለቡን ተከትሎ የሚሄደው የእግር ኳስ ደጋፊ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ወንዶ ገነት የሚወጣው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ ይሰበሰባል፣ ያዋጣል፣ ይከራያል።

ቀብድ፣ ውልና የቀረ ሰው ወንበር

የኮንትራት ዋጋ በዘፈቀደ የሚጠራ ቢመስልም ስሌት አለው። ባለንብረቱ መጀመሪያ የሚያስበው መኪናው በመደበኛ መሥመሩ ቢሠራ የሚያገኘውን ገቢ ነው። በዚያ ላይ የነዳጁን፣ የጎማውን፣ የሾፌሩንና የረዳቱን አበል፣ ውጭ የሚታደርበትን ሌሊት ይጨምራል። መኪናው ተሳፋሪዎቹን አድርሶ ባዶውን የሚመለስ ከሆነ የመመለሻውም ዋጋ በተከራዩ ላይ ይታሰባል። በሠርግና በበዓል ሰሞን ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋው ይንራል። ብዙ ጊዜ በመካከል ደላላ አለ፤ እርሱም ድርሻውን ይወስዳል። ስምምነቱ የሚጸናው በቀብድ ነው። ቀብድ የተቀበለ ባለንብረት የተሻለ ዋጋ ይዞ የመጣ ሌላ ተከራይ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? የነገሩ ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው። ታማኙ ቃሉን ይጠብቃል፤ ሌላው «መኪናው ተበላሸ» ይላል። ሙሽራ ለብሳ ተዘጋጅታ አጃቢው ከደጅ ቆሞ የቀረበት ቤተሰብ የቃል ስምምነት ከወረቀት ውል የሚያንስበትን ምክንያት ያን ዕለት ይማራል።

በማኅበሩ በኩል ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። ለምሳሌ ሃምሳ ወንበር ያለው አውቶቡስ በ30,000 ብር ቢከራይ ለእያንዳንዱ ሰው 600 ብር ይደርሰዋል። በመነሻው ዋዜማ አምስት ሰዎች «አልተመቸንም» ብለው ቢቀሩ፣ የቀሩት 45 ሰዎች ድርሻ ወደ 667 ብር ከፍ ይላል። ሎሚው ያው ሃምሳ ነው፤ ተሸካሚው ግን ጎደለ። «የቀረ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም» የሚለው የአስተባባሪዎች ሕግ ጭካኔ የሚመስለው ይህን ላላሰበ ሰው ነው። በሌላ በኩል፣ መክፈል የማይችሉ ባልቴት ስለታቸው ሳይደርስ እንዳይቀር ሌሎች ጥቂት ጥቂት ጨምረው ወንበር የሚይዙላቸው በዚሁ ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ የቀረን ሰው ይቀጣል፤ የቸገረውን ደግሞ ይሸከማል።

ከድንበር ማዶ

ተመሳሳይ ሥርዓት በጎረቤት አገሮችም ይገኛል። በኬንያ «ማታቱ» የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ስሙን ያገኘው በስዋሒሊ ሦስት ማለት ከሆነው «ታቱ» ከሚለው ቃል ሲሆን፣ የቀድሞው የጉዞ ዋጋ ሦስት ሳንቲሞች ስለነበር ነው። በናይሮቢ የሞተ ሰው አስከሬኑ ወደ ትውልድ መንደሩ ተወስዶ እንዲቀበር ዘመድ አዝማድ ገንዘብ ያዋጣል፤ ለቀስተኛውም በተከራየ ማታቱ ወይም አውቶቡስ አስከሬኑን ተከትሎ ሌሊቱን ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ሄዶ በናይሮቢ ኢስሊ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያይ፣ የቋንቋው ልዩነት ባይኖር ኖሮ የሰፈሩ ዕድር መሰለኝ ቢል አይፈረድበትም።

ከዚህ ራቅ ብሎ ደግሞ የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል አለ። ቀድሞ በጎንደር አካባቢ፣ ለምሳሌ በአምቦበር፣ ምእመናኑ ቄሶቻቸውን ተከትለው በእግራቸው ወደ ተራራ እየወጡ ያከብሩት ነበር። ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ማኅበረሰቡ በልዩ ልዩ ከተሞች ተበተነ፤ በዓሉ የሚከበርበት ስፍራ ግን ኢየሩሳሌምን ከከፍታ የሚያሳየው የአርሞን ሐናጺቭ አደባባይ ሆነ። የተበተነውን ሕዝብ በየዓመቱ ወደ አንድ ስፍራ የሚሰበስቡት ከየከተማው የሚነሡት አውቶቡሶች ናቸው። በዓሉ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በእስራኤል ምክር ቤት ብሔራዊ በዓል ሆኖ ታወቀ። ለዚህ ማኅበረሰብ አውቶቡሱ ድካምን ብቻ አላቀለለም፤ የተለያየውን ለአንድ ቀን አንድ አድርጎታል።

«እዚህ እናድራለን» የሚለው ማን ነው?

የኮንትራት ጉዞ ታሪክ የአብሮነት ውዳሴ ብቻ ሆኖ ቢጻፍ ግማሹ ይቀራል። ሃምሳ ሰው በአንድ መኪና ሲጓዝ የሃምሳ ቤት ሐዘንም በአንድ መሪ ላይ ተንጠልጥሏል። የኢትዮጵያ መንገዶች በየዓመቱ ብዙ ሺሕ ሰው ይቀጥፋሉ፤ ከበዓልና ከሠርግ የሚመለሱ መኪኖችም ከዚህ አላመለጡም።

ምክንያቱ ከተራራውና ከጎማው ብቻ የሚመጣ አይደለም። ወደ ቁልቢ የሚሄድ ሾፌር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል፤ ምእመኑ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ሲያድር እርሱ በመሪው ላይ ተደፍቶ፣ በሆታው መካከል፣ እንቅልፍ ሲሞክር ያነጋል። በማግስቱ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ባለንብረቱ ለሚቀጥለው ቀን ሌላ ቀብድ ተቀብሎ ከሆነ ደግሞ የመመለሻው ሰዓት የግድ ሌሊት ይሆናል። ተጓዡም በበኩሉ ዋጋ እንዲቀንስ ብሎ አንድ ቀን ያሳጥራል፤ ከወንበሩ በላይ ሰው ያስገባል። እያንዳንዱ ጥቂት ገንዘብ ያተርፋል። ዕዳው የሚከፈለው ግን ጣርማ በር ወይም የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ከጥንቱ ሲራራ የጠፋ አንድ ነገር አለ። ነጋድራሱ መንገድ መምራትን፣ ገንዘብንና ጥበቃን በአንድ እጅ ይዞ ነበር። በኮንትራቱ እነዚህ ሦስቱ ተከፋፈሉ፤ መንገዱ ለሾፌሩ፣ ገንዘቡ ለአስተባባሪው፣ የመኪናው ደኅንነት ለባለንብረቱ ሆነ። ባለንብረቱ ከቤቱ አይወጣም፤ አስተባባሪው ስለ ፍሬን አያውቅም፤ ሾፌሩ የተቀጠረ ነው። ሾፌሩ ዓይኑ በእንቅልፍ ሲከደን ከኋላው የተቀመጡት ሃምሳ ሰዎች ያያሉ፤ ነገር ግን መዝሙሩን አቋርጦ «ይብቃ፣ እዚህ እናድራለን» ለማለት ሥልጣን ያለው የትኛው ነው?

ኬንያ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በትራንስፖርት ሚኒስትሩ በጆን ሚቹኪ ዘመን ባወጣችው ደንብ ማታቱዎች የፍጥነት መገደቢያና የደኅንነት ቀበቶ እንዲኖራቸው፣ ከተወሰነው ሰው በላይም እንዳይጭኑ አስገድዳለች። በኢትዮጵያም የፍጥነትና የጭነት ደንቦች አሉ። ደንብ ግን ኬላ ላይ ያለውን ትራፊክ ፖሊስ ያህል ብቻ ይደርሳል፤ በኬላና በኬላ መካከል ያለው ረጅም መንገድ የተጓዦቹ ነው። ልምድ ያላቸው ማኅበራት ይህን ተረድተው ለረጅም ጉዞ ሁለት ሾፌር ይጠይቃሉ፤ በሌሊት እንደማይጓዙ በውሉ ላይ ያስጽፋሉ፤ ለሾፌሩ አልጋ ይከራያሉ፣ ከጉባኤው ርቆ እንዲተኛም ያደርጋሉ። ለአልጋው የሚወጣው ገንዘብ ለሃምሳ ሲካፈል ከአንድ ሻይ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። በሰሜን የተነሣው ጦርነት፣ ከዚያም በልዩ ልዩ አካባቢዎች የቀጠለው ግጭት ብዙ የሳላሚ መንገዶችን ለተለያየ ጊዜ ዘግቷል። ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላና ወደ ግሸን በየዓመቱ ይሄዱ የነበሩ ማኅበራት ጉዟቸውን የሰረዙባቸው ዓመታት አሉ። የነዳጅና የመለዋወጫ ዋጋ መናር ኪራዩን ከብዙ ሰው አቅም በላይ አድርጎታል። አስተባባሪው ዛሬ ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው የነጋድራሱን ጥያቄ ነው፤ መንገዱ ሰላም ነው ወይ? የት እንደር? ከየትኛው ወንዝ ማዶ አንለፍ? አምስት መቶ ዓመት ዞሮ ጥያቄውን ወደ ነበረበት መልሶታል።

እንግዲህ ያ ደብተር የያዘ ሰው ከስም ጠሪ በላይ ነው። በመነሻው ሌሊት ሃምሳ ስም ይጠራል፤ በቁልቢ ደጅ ዳግመኛ ይጠራል፤ ሲመለስም ይጠራል። ሦስተኛው ጥሪ ከሁሉ ይከብዳል። ከሰፈሩ ደርሶ፣ አውቶቡሱ ቆሞ፣ እናቶች ከእንቅልፍ እየተነሡ ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ፣ በደብተሩ ላይ የመጨረሻው ስም ተጠርቶ «አቤት» የሚል ድምፅ ሲሰማ ጉዞው ያን ጊዜ ያበቃል። መዋጮውም፣ ቀብዱም፣ ውሉም የተደከመባቸው ለዚያች አንዲት «አቤት» ነው።